ለ5 ቀን ሞምባሳ የተዘጋጀ የ23 ጉዳይ ዝርዝር

ጥያቄ፦

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ በመጪው ጥር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ለ5 ቀን ወደ ሞምባሳ እንሄዳለን። ልጆቹ የ12 እና የ7 ዓመት ናቸው። ከባለቤቴ በቀር ከመካከላችን ባሕር ያየ ሰው የለም። ገንዘቡን ለማጠራቀም ሁለት ዓመት ስለፈጀብን አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳትባክን በሰዓት የተከፋፈለ ዝርዝር አዘጋጀሁ። በጠቅላላው 23 ጉዳዮች አሉበት። በየቀኑ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ዋና፣ ከ6 ሰዓት በኋላ የከተማ ጉብኝት፣ አንድ ቀን ጻቮ ፓርክ፣ አንድ ቀን ማሊንዲ፣ አንድ ቀን ዲያኒ እያለ ይቀጥላል። ባለቤቴ ዝርዝሩን ሲያይ ‹እኔ ሥራ አልገባም፤ ባሕር ዳር ተጋድሜ ነው የምውለው› አለ። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ‹እኔን ከጥላ ሥር አስቀምጣችሁኝ ሂዱ› ይላሉ። ትልቁ ልጄ ደግሞ ዛጎል ሰብስቤ ካልመጣሁ ብሏል። ከባለቤቴና ከእኔ ማን ትክክል ነው? ከዝርዝሩስ የሚቀነስ አለ? ዝርዝር ያዥዋ»

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣

ዝርዝርዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው በየቤቱ ያስፈልጋል፤ የሁሉም ፓስፖርት የት እንደተቀመጠ የሚያውቀውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ማውጣትዎን አልነቅፍም። የምነቅፈው የሰዓት ድልድሉን ነው። ጉዳዮቹን ሲደለድሉ ባለቤትዎን አላማከሩም፤ እሱ እቤታችሁ የሚያልቅ ነገር ነው። ባሕሩን አለማማከርዎ ግን እዚያ ስትደርሱ ያስቸግራችኋል።

በአምስቱም ቀን «ከ4 እስከ 6 ሰዓት ዋና» ብለው ጽፈዋል። የሞምባሳ ባሕር በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ደግሞ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ሆቴሎች በሚበዙባቸው የሞምባሳ ዳርቻዎች፣ በኒያሊም ሆነ በባምቡሪ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል ቋጥኝ ተዘርግቷል። ውኃው ሲጎድል ወደዚያ አቅጣጫ ብዙ ርቀት ይሸሽና እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ኩሬ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ዳርቻ ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ጉድለቱ የሚውለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ሙላቱም ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ጉዟችሁ በዚያ ሰሞን ቢውል ልጆችዎ በዋና ሰዓታቸው ቁርጭምጭሚታቸውን በማይሸፍን ውኃ ውስጥ ቆመው «ባሕሩስ?» ይሉዎታል። ባሕሩ ሞልቶ በሚመጣበት ሰዓት እናንተ በእርስዎ ዝርዝር መሠረት ከተማ ውስጥ ናችሁ።

መፍትሔው አይከብድም። ከመሄዳችሁ በፊት የአምስቱን ቀን የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ያግኙ። ኢንተርኔት ላይ ኪሊንዲኒ በሚለው የወደቡ ስም ይገኛል፤ ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎችን ብትጠይቁም ይነግሯችኋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀን ቀን ላይ የሚውለውን ሙላት ፈልገው፣ ከእሱ ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለዋና ያስምሩበት። የቀሩት ጉዳዮች በዚያ ዙሪያ ይደርደሩ። ዝርዝር የሚወድ ሰው ይህን ሥራ ሊጠላው አይችልም።

ሠንጠረዡ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። የአገሩ ሰው በስዋሂሊ ሲነግራችሁ ግን ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ካላችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። የኬንያና የኢትዮጵያ የሰዓት ክልልም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። አውሮፓውያን ቱሪስቶች በዚህ ጉዳይ ግራ ሲጋቡ አማትዎ ከጀልባ ነጂው ጋር ያለ አስተርጓሚ በጣት ቆጥረው ሊግባቡ ይችላሉ።

የባሕሩ መጉደል ደግሞ በራሱ ፕሮግራም ነው፤ ለትልቁ ልጅዎ ምናልባት ከዋናው ይበልጥ። በየኩሬው ውስጥ ኮከብ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ቀለማቸው ዓይን የሚይዝ ትንንሽ ዓሦች ተይዘው ይቀራሉ። ኦክቶፐስ የሚፈልጉ ሰዎች ዘንግ ይዘው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘዋወሩ ታያላችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሶሉ ጠንከር ያለና ጣት የሚሸፍን ጫማ ነው። ነጠላ ጫማ አይሆንም። በድንጋዮቹ መካከል ጥቁር የባሕር ጃርት አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ይህ ከደረሰ በምላጭና በመርፌ መቆፈር ነገሩን ያብሳል። እግሩን ቆዳ በማይልጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያስታግሳል፤ እሾሁ ጠልቆ ከገባ ወይም መገጣጠሚያ አካባቢ ከሆነ ግን ወደ ክሊኒክ ነው። ሌላው የውኃው አመላለስ ነው። በዳርቻውና በቋጥኙ መካከል ዝቅ ያሉ ቦታዎች ስላሉ፣ እናንተ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙራችሁ ሳላችሁ ከኋላችሁ ያለው ሊሞላ ይችላል። ውኃው መመለስ የሚጀምርበትን ሰዓት ቀድሞ ማወቅና ከዚያ በፊት ወደ ደረቁ አሸዋ መመለስ ነው። ከአካባቢው ሰው ጋር መሄድ ከሁሉም ይሻላል፤ ዋጋውን ግን እግር ከማንሣት በፊት ቁርጥ አድርጉ።

ኮራሉን አትርገጡት። ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት የሠሩትና የሚኖሩበት ነው፤ የተሰበረው በቀላሉ አይተካም። የዛጎሉን ጉዳይ በተመለከተ ለልጅዎ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ከኒያሊ እስከ ሻንዙ ካለው ዳርቻ ፊት ለፊት የሞምባሳ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከዚያ ዛጎልም ኮራልም መውሰድ ክልክል ነው። ባዶ የሚመስለው ዛጎልም ለትንሽ ሸርጣን ቤቱ ሊሆን ይችላል። ዳርቻው ላይ ትልልቅና የተወለወሉ ዛጎሎች የሚሸጡ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከእነሱም አትግዙ፤ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው በሕይወት ሳለ ተይዞ ነው። ልጁ ያየውን በደብተር ይሣል ወይም ፎቶ ያንሣ። ከዚህ የበለጠ ካሣ ካስፈለገ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ፓርኩን አሳዩት። የፓርኩን መግቢያ የሚያስከፍለው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ የጀልባው ዋጋ መግቢያውን ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ለሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ናት። በጥር ወር ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ጥቂት፣ ውኃው የጠራ፣ ሙቀቱ ግን ብርቱ ነው። ከደጋ ለሚመጣ ሰው ከሙቀቱ ይልቅ የአየሩ እርጥበት ይከብዳል፤ ላብ ስለማይደርቅ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ከጠዋቱ 5 እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለባለቤትዎ እፈርድላቸዋለሁ። በእነዚያ ሰዓታት ሙላቱ ካልዋለባቸው በቀር ሁላችሁም ጥላ ሥር ትሆናላችሁ፤ መጋደም፣ መተኛት፣ ካርታ መጫወት ነው። «ከ6 ሰዓት በኋላ የከተማ ጉብኝት» የሚለውን መስመር እኔ ሰርዤዋለሁ። ሙላቱ እኩለ ቀን ላይ ከዋለ ደግሞ ልጆቹ እጅጌው ረጅም የሆነ ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው ይግቡ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ በወጡ ቁጥር ይቀቡ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ወሬ አይስሙ። ደመናም አያታልላችሁ።

በተቀረው ሰዓት ግን ባለቤትዎ ይነሣሉ። ሞምባሳ ድረስ ሄዶ አሮጌውን ከተማ ሳያዩ መመለስ አይፈቀድም። አንድ ማለዳ ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ በሩ እንደተከፈተ ግቡ፤ ግቢው ድንጋይ ስለሆነ ቀትር ላይ ይፋጃል። ምሽጉን ፖርቱጋሎች የገነቡት እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ነው። ንድፉን የሠራው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሆን፣ ከላይ ሲታይ የተጋደመ ሰው ቅርጽ አለው፤ ለባለቤትዎ ይህን ቢነግሯቸው በፈቃዳቸው ሳይመጡ አይቀሩም። በ1696 ኦማኖች ከበቡት፤ ከበባው ወደ ሦስት ዓመት የተጠጋ ጊዜ ፈጅቶ በ1698 መጨረሻ ምሽጉ ወደቀ። ውስጥ የነበሩትን ከጥይት ይልቅ በሽታና ረሃብ ነው የጨረሳቸው። ሊረዳቸው የመጣው ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና የተባለ መርከብ በ1697 እዚያው ምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጠላቂዎች ያወጧቸው ዕቃዎች በሙዚየሙ ውስጥ አሉ። ለልጆች ታሪኩን ከዚህ መርከብ መጀመር ጥሩ ነው። እንግሊዞች ደግሞ እስከ 1958 እስር ቤት አድርገውት ነበር።

ከምሽጉ ሲወጡ ንዲያ ኩ የሚባለው ጎዳና አጠገባችሁ ነው። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ዝርዝር አያስፈልግም፤ የተቀረጹትን የእንጨት በሮችና ሰገነቶች እያዩ መሄድ ነው። ሰፈሩ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ አብዛኛው ነዋሪም ሙስሊም ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ቢዘጋ አትገረሙ። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ቢያሻራ ጎዳና ሌሶ የሚባለው ጨርቅ ይሸጣል። በጥንድ የሚሸጥ፣ ለሁሉም የሚሆን፣ በባሕር ዳር ፎጣም ሻርፕም ምንጣፍም የሚሆን ነው። በእያንዳንዱ ላይ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል፤ አንዳንዱ ምርቃት፣ አንዳንዱ ለጎረቤት ወይም ለጣውንት የተወረወረ ነገር ነው። ለአማትዎ የሚገዙ ከሆነ ትርጉሙን ሳይጠይቁ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

ቁርስን በሆቴሉ ቡፌ ብቻ አትጨርሱት። ሄል የገባበት ማሃምሪ የሚባል ጥብስ ሊጥ በኮኮናት ወተት ከተሠራ ምባዚ ከሚባል የአተር ዓይነት ወጥ ጋር የባሕር ዳሩ ሰው ቁርስ ነው። ሙቅ ሆኖ ዓይናችሁ እያየ የተሠራውን ብሉ፤ ውኃ የታሸገውን ጠጡ። ስለ ቡና አልከራከርም፤ በዝንጅብል የሚፈላውን መራራ ቡና ቅመሱና ራሳችሁ ፍረዱ።

አማትዎ «ከጥላ ሥር አስቀምጣችሁኝ ሂዱ» ያሉትን እንዳለ አይቀበሉት። ይህን የሚሉት እንቅፋት ላለመሆን እንጂ ባሕሩን ጠልተው አይመስለኝም። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሲያይ ከርቀት ወንበር ላይ ሆኖ መሆን የለበትም። ነፋሱ ረጋ ባለበት፣ ሙላቱ ጠዋት ወይም ወደ ማታ በሚውልበት ቀን ውኃው ዳር ድረስ ወንበር ይውሰዱላቸውና እግራቸውን ውኃ ውስጥ ያድርጉ። ከፈለጉ በአንድ ወገን ልጃቸው፣ በሌላው እርስዎ ይዛችኋቸው እስከ ወገባቸው ይግቡ። ጨዋማ ውኃ ሰውነትን ስለሚያነሣ የሚያማቸው ጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል፤ ውኃ ውስጥ መራመድ ከመሬቱ ይልቅ ሊመቻቸው ይችላል። ማዕበል በሚመታበት ቀን ግን አይሞክሩት። ልብሳቸውን ለብሰው ቢገቡም የሚገርመው የለም፤ በዚያ ዳርቻ ብዙ ሴቶች እንደለበሱ ነው የሚገቡት።

አመሻሽ ላይ ሁላችሁንም፣ አማትዎንም ጭምር፣ ወደ ማማ ንጊና መናፈሻ ውሰዷቸው። ባኦባብ ዛፎች ያሉበት የባሕር ዳር ሰገነት ነው፤ ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡት ግዙፍ መርከቦች በቅርብ ያልፋሉ። ቺሊና ሎሚ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስ እና ማዳፉ የሚሉት ለጋ ኮኮናት ይሸጣል። ደረጃው ብዙ ባልሆነበት ክፍል አጠገብ ከቱክቱክ (ከባጃጅ) ብታወርዷቸው አግዳሚ ወንበር አያጡም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሊኮኒ ፌሪ አለ። በእግር ለሚሻገር ሰው ክፍያ የለውም፤ ለ7 ዓመት ልጅ ደግሞ መኪናና ሕዝብ ጭኖ የሚሄድ ጀልባ ላይ ሄዶ መመለስ ብቻውን ጉብኝት ነው። ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበትና ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ግን አትሞክሩት።

ከዝርዝሩ የሚቀነሰውን ልንገርዎ። ጻቮ ይቅር። በር ላይ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት የሚፈጅ ጉዞ ነው፤ እንስሳቱ በሚንቀሳቀሱበት ማለዳ ለመድረስ ሌሊት መነሣት ይጠይቃል፤ ፓርክ ሲሆን እዚያው ማደር ነው። ማሊንዲም ይቅር፤ በአንድ አቅጣጫ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዲያኒ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከኒያሊ ባሕር ዳር ተነሥቶ የሞምባሳን ደሴትና ፌሪውን አቋርጦ ሌላ ባሕር ዳር ለመድረስ ግማሽ ቀን መስጠት ለ5 ቀን እንግዳ አያዋጣም። የእንስሳውን ነገር በባምቡሪ ያለው ሃለር ፓርክ ይተካዋል። ቦታው ለሲሚንቶ ተቆፍሮ የተራቆተ ገደል ነበር። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬኔ ሃለር የተባለው የግብርና ባለሙያ ሸውሸዌ ተከለበት፤ የረገፈውን ቅጠል ወደ አፈር የቀየሩለት ሺ እግር የሚባሉት ትሎች ናቸው። አሁን ደን ነው፤ ቀጭኔ በእጅ ይመገባል። በ2004 እ.ኤ.አ. ሱናሚ ከወላጆቹ የተለየው ኦወን የተባለ ግልገል ጉማሬ ምዜ ከተባለው ሽማግሌ ኤሊ ጋር የተወዳጀውም እዚያ ነው።

ስለ ዳርቻው ነጋዴዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሳፋሪ፣ ጀልባ፣ የግመል ግልቢያና ቅርጻ ቅርጽ ይዘው ይከተሏችኋል። ስለ ሥራቸው አትቆጧቸው። ካልፈለጋችሁ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ መራመድ ነው፤ «ነገ እናያለን» ያላችሁት ሰው ነገ በስማችሁ ጠርቶ ይጠብቃችኋል። የፕላስቲክ ከረጢትም ሻንጣችሁ ውስጥ አይኑር፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። እርጥብ ልብስ የሚያዝበት የጨርቅ ቦርሳ ያዙ።

የቀረው ከመነሣታችሁ በፊት የሚያልቀው ጉዳይ ነው፤ ዝርዝርዎ ውስጥም የለም። የኬንያ ባሕር ዳር የወባ አካባቢ ነው። መከላከያ መድኃኒቱ ከጉዞው ቀደም ብሎ ስለሚጀመርና ለሕፃንና ለአዋቂ ስለሚለያይ ሐኪም ያነጋግሩ፤ አመሻሽ ላይ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ሆቴሉ አጎበር እንዳለው ይጠይቁ። ኬንያ ደግሞ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም። አማትዎ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነና ከዚህ በፊት ካልተከተቡ፣ መርፌውን ከመወጋታቸው በፊት ሐኪሙ ለይቶ ሊያያቸው ይገባል፤ በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክትባት ነው። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ይያዙላቸው።